ኻሚስ ሳይጠይቅ የበላው

ኻሚስ ማህጁብ ምግብ መርጦ አያውቅም። ከአሶሳ ወደ ኩርሙክ በሚወስደው መንገድ፣ ሆሞሻ ሳይደረስ ባለች የበርታ መንደር ተወልዶ፣ ከአባቱ ቀርከሃ መሰንጠቅ ተምሮ፣ አሶሳ ገበያ ጀርባ የወንበርና የአልጋ መሥሪያ ከፈተ። እጁ ጥሩ ነው፤ ስሙ የወጣው ግን በሆዱ ነው። የባምባሲ ነጋዴ አንጮቴ የሚሉትን ሥር ቢያመጣለት ይበላል። ከሱዳን ተሰዳ የመጣች ሴት ኪስራ የሚባለውን ስስ የማሽላ እንጀራ ብትዘረጋለት ይበላል። ከግልገል በለስ የመጣ የጉሙዝ ወዳጁ ስሙን በአማርኛ የማያውቁትን ሥር ቀቅሎ ቢያቀርብለት፣ ጨርሶ "ሌላ አለ?" ይላል።

"ሰው አገር ሊያይ ይሄዳል፤ የእኔ ባል አገር ሊቀምስ ነው የሚሄደው" ትላለች ሚስቱ ሰዕዲያ። እስከዚያ ድረስ ግን ከአሶሳ አልፎ የሄደው አንድ ጊዜ አዲስ አበባ፣ ሁለት ጊዜ ነቀምት ብቻ ነበር።

በ2012 ዓ.ም. የካቲት ላይ ግን አንድ የእርዳታ ድርጅት ከቤንሻንጉል ጉሙዝ ሁለት ሰው መርጦ ለሦስት ሳምንት የቀርከሃ ሥልጠና ወደ ካምቦዲያ ላከ። አንዱ ኻሚስ ነበር። ሌላው ደባልቄ ነበር፤ ወላጆቹ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው አሶሳ ዙሪያ የሰፈሩ፣ እሱ ግን እዚያው የሰፈራ አምባ ውስጥ የተወለደ፣ ኮሌጅ ውስጥ የእንጨት ሥራ የሚያስተምር ሰው። እንግሊዝኛ ስለሚችል የሁለቱም አፍ እሱ ነበር። በሆድ ነገር ግን ከኻሚስ ጋር ሰማይና ምድር ናቸው። ደባልቄ ከሚስቱ ከሰገነት እጅ ካልሆነ አይጎርስም። በዚያ ላይ ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበር። ሻንጣውን ሲከፍቱት ግማሹ በሶ ነው።

ሰዕዲያ የአምስት ወር ተኩል ነፍሰ ጡር ነበረች። ኻሚስ ሲሰናበታት ሆዷን እያየ፣ "ሦስት ሳምንት ምን አላት" አላት። እሷም "ለመብላት አጭር ነው፤ ለመጠበቅ ረጅም ነው" አለችው።

ከዋና ከተማዋ ከፕኖም ፔን ወደ ሥልጠናው ቦታ ሲሄዱ አውቶቡሱ አንድ ገበያ ላይ ቆመ። ሴቶች በትሪ የተጠበሰ ፌንጣ ከምረው መስኮቱ ድረስ መጡ። ኻሚስ አንድ እፍኝ ገዛ።

"አንበጣ በእኛ ሃይማኖት ይፈቀዳል" አለ ደባልቄን እያየ። "ይሄ የአንበጣ ወንድም ነው።" ደረቅ ነው፤ ነጭ ሽንኩርትና ትንሽ ስኳር አለው። ኮሽ ኮሽ እያደረገ ጨረሰው። ቀጥሎ ሌላዋ ሴት የሰው መዳፍ የሚያክል ጥቁር ሸረሪት የተደረደረበት ትሪ አመጣች። ኻሚስ ትንሽ አመነታ። ከዚያ አንድ እግር ቆርሶ አፉ ውስጥ ከተተ።

"ይህስ የማን ወንድም ነው?" አለ ደባልቄ።

"ስምንት እግር ያለው ፌንጣ" አለ ኻሚስ፤ ሁለቱም ሳቁ። ደባልቄ በሶውን በውሃ እየበጠበጠ፣ ይህ ሰው መቆሚያ የለውም ብሎ በልቡ አሰበ።

ሥልጠናው የተሰጠው ካምፖንግ ቻም በምትባል ከተማ ነበር፤ ትልቁ የሜኮንግ ወንዝ በአጠገቧ ያልፋል። ያረፉት ሶፒየፕ የምትባል አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት በምታስተዳድረው የእንግዳ ማረፊያ ነው። ሁሉም "ሚንግ ሶፒየፕ" ይሏታል፤ አክስት ማለት ነው። የመጀመሪያው ቀን ደባልቄ በአስተርጓሚ በኩል፣ "እኔ ጾመኛ ነኝ፣ ሥጋም ዓሣም አልበላም። ወንድሜ ሙስሊም ነው፣ አሳማ አይበላም" ብሎ ነገራት። እሷም ሁለት መዳፏን ገጥማ ጎንበስ አለች። ገባኝ ማለቷ ነው።

ኻሚስ ገነት የገባ መሰለው። ዓሣውን በኮኮናት ወተት አሽተው በሙዝ ቅጠል ጠቅልለው በእንፋሎት ያበስሉታል፤ ሲከፈት ሽታው ብቻ ያጠግባል። ፕራሆክ የሚሉት ለወራት ጨው ውስጥ የሸተተ የዓሣ ድልህ አለ፤ ሌሎቹ ሠልጣኞች አፍንጫቸውን ሲይዙ እሱ በጣቱ ጠረገው። ጥሬ ማንጎ በጨውና በሚጥሚጣ ይበላሉ። አንድ ቀን ሾርባ ውስጥ በቀጭኑ የተከተፈ የቀርከሃ ቡቃያ ሲያገኝ ከመቀመጫው ብድግ አለ። ክረምት ሲገባ መንደሩ ውስጥ እናቱ የምትቀቅለው ያው ቡቃያ ነው።

"ይሄ የእኛ ነው! ደባልቄ፣ ና እየው፣ ይሄ የበርታ ነው!"

ፎቶ አንሥቶ ለሰዕዲያ ላከ። በየቀኑ ይልክላት ነበር። እሷም አንድ ቀን፣ "የበላኸውን እንጂ አንተን አላየሁም፤ ፊትህንም ላክ" ብላ ጻፈችለት።

ከሁሉም ግን የጠዋቱ ሾርባ ነው ልቡን የወሰደው። ኩይ ቲየቭ ይሉታል፤ ቀጭን የሩዝ ፓስታ፣ ጥርት ያለ ትኩስ መረቅ፣ ላዩ ላይ አረንጓዴ ቅጠል፣ የተጠበሰ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ። ሚንግ ሶፒየፕ ለሌሎቹ ሥጋ ስታደርግ ለእሱ የዓሣ ድብልብል ታደርግለታለች። መረቁ ጣፋጭነት ነበረው፤ ከዓሣ የማይመጣ ጣፋጭነት። ኻሚስ ሳህኑን በሁለት እጁ አንሥቶ እስከ ጠብታው ይጨልጠዋል፤ ሴትየዋም ይህን ሲያደርግ ስታይ ፊቷ ይበራል።

መጋቢት አጋማሽ ላይ ወሬው ከበደ። አንድ አዲስ ተላላፊ በሽታ ዓለምን እያዳረሰ ነው ተባለ። ሠልጣኞቹ አንድ በአንድ ወጡ፤ የኔፓሉ ሰው ሄደ፣ ጋናውያኑ ሄዱ። የእነ ኻሚስ ቲኬት በባንኮክ በኩል ነበር። ሊሄዱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ታይላንድ በሯን ዘጋች። የድርጅቱ ሰው ደውሎ፣ "ማረፊያውንና ምግቡን እንከፍላለን፤ እስከ ሰኞ ጠብቁ" አለ። ሰኞ ሲደርስ "እስከሚቀጥለው ሰኞ" አለ። ከሦስተኛው ሰኞ በኋላ ደባልቄ ስልኩን ማንሣት ለኻሚስ ተወለት፤ ኻሚስ ደግሞ እንግሊዝኛ ስለማይሰማ ሰኞ ማለት የሆነችውን "ማንደይ" ብቻ ጠብቆ ይዘጋዋል።

ግቢው ጠባብ ነው። የብረት በር፣ አንድ የማንጎ ዛፍ፣ አንድ የውሃ ገንዳ። ክፍላቸው ሁለት አልጋና ፍርግርግ ያለው መስኮት አለው። ወደ መንገድ ሲወጡ ሰዎች አፋቸውን ሸፍነው ይርቋቸዋል፤ በኋላ የቀበሌው ሹም መጥቶ፣ የውጭ ሰዎች ከግቢ እንዳይወጡ ለሚንግ ሶፒየፕ ነግሯት ሄደ። ከዚያ ቀን በኋላ በሩ ተቆለፈ። ሙቀቱ እንደ ሚያዝያ አሶሳ ነው፤ ግን አሶሳ ሲሞቅ ሰው ዛፍ ሥር ይወጣል፣ ያወራል፣ ይስቃል። እዚህ ሁለቱ ሰዎች ወሬያቸውን ጨረሱ። ኻሚስ ከአልጋው እስከ ብረቱ በር ሃያ ሦስት እርምጃ መሆኑን ያውቅ ነበር። ቀርከሃ የለ፣ ቢላዋ የለ፤ እጁ ሥራ ሲፈታ ያየው ያኔ ነው።

ቀኑ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ የጠዋቱ ሾርባ። ማታ ሲተኛ እሱን እያሰበ ይተኛል።

አንድ ጠዋት ሳህኑን ሊመልስ ወደ ማዕድ ቤቱ ገባ። ሚንግ ሶፒየፕ ጓሮ ልብስ እያሰጣች ነበር። ትልቁ ድስት እሳት ላይ ይንተከተካል። ኻሚስ ሽታው ስቦት ክዳኑን ከፈት አደረገ። ከፈላው ውሃ ውስጥ አጥንቶች ብቅ ጥልቅ ይላሉ። የዶሮ አይደሉም። የበሬም አይደሉም፤ የበሬን አጥንት ከልጅነቱ ያውቀዋል። ወፍራም፣ አጭር፣ መገጣጠሚያው ክብ። ለአፍታ ቆሞ አየ። ከዚያ ክዳኑን ቀስ ብሎ መለሰ፤ ድምፅ እንዳያሰማ ተጠንቅቆ።

ደባልቄ ዛፉ ሥር ተቀምጦ ነበር። አንድ ቃል ቢለው ስልኩን አውጥቶ ይጠይቅለት ነበር። ኻሚስ አጠገቡ ተቀመጠና ስለ ሙቀቱ አወራው።

በማግሥቱ ሾርባው መጣ። በላ። በሦስተኛውም ቀን በላ። ለራሱ ብዙ ነገር ነገረው፤ "ነግረናታል፣ ገብቷታል"፣ "የማላውቀው የአገሩ እንስሳ ይሆናል"፣ "ካልጠየቅሁ አላወቅሁም"። ይህችን የመጨረሻዋን ይወዳት ነበር። ዘጠኝ ቀን እንዲህ ሄደ።

ሚያዝያ 11 ፋሲካ ሆነ። ደባልቄ ሃምሳ አምስት ቀን በበሶ፣ በሙዝና በነጭ ሩዝ ከርሞ፣ በሶውም አልቆ፣ ቀበቶው ሁለት ቀዳዳ ገብቶ ነበር። ሚንግ ሶፒየፕ በዓሉ መሆኑን ስለነገራት የኻሚስን ዓይነት ሾርባ አምጥታ ፊቱ አኖረችለት። ደባልቄ አማተበ። ከዚያ ግን እንደ ልማዱ ስልኩን አወጣ።

"ኸምን እንደተሠራ ሳላውቅማ ጾሜን አልፈታም" አለና በመተርጎሚያው ጻፈ።

ሚንግ ሶፒየፕ አነበበችና ደስ አላት። ማንም ስለ ሙያዋ ጠይቋት አያውቅም ነበር። ሮጣ ሄዳ ጭልፋውን ይዛ መጣች፤ ጭልፋው ላይ አጥንት ነበር። ስልኩ ላይ ረጅም ነገር ጻፈች። ደባልቄ ሲያነብ ፊቱ ተለዋወጠ።

"የአሳማ አጥንት ነው ትላለች። ኸንጋት ጀምሮ የፈላ። ሥጋውን ለወንድምህ አውጥቼለታለሁ፤ መረቅ ግን ሥጋ አይደለም ትላለች።" ሳህኑን ገፋ አደረገው፤ እሱም በሃይማኖቱ አሳማ አይበላም። ከዚያ ወደ ኻሚስ ዞረ። "ሰማህ?"

"ሰማሁ።"

"ይህን ሁሉ ቀን አላወቅህም?"

ኻሚስ "ወላሂ" ሊል አፉን ከፈተ። ስለ ዝናብ ሲያወራ እንኳ ወላሂ የሚል ሰው ነው። ቃሉን ግን አላወጣውም። "አላወቅሁም" አለ ብቻ።

ደባልቄ ለጥቂት ጊዜ አየውና ዓይኑን ወደ መሬት መለሰ። ሁለተኛ አልጠየቀውም።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ኻሚስ የሚንግ ሶፒየፕን ድስት የነካ ነገር አልቀመሰም። ሩዙን ትቶ፣ ዓሣውን ትቶ፣ በሙዝና በውሃ ዋለ። ሴትየዋ ነገሩ ሲገባት አለቀሰች፤ ገበያ ሄዳ አዲስ ድስት ገዝታ፣ ገና ወረቀቱ ሳይላጥ አምጥታ አሳየችው። እሱ ግን መዳፉን ገጥሞ አመስግኖ ወደ ክፍሉ ገባ። እሷን ሳይሆን ራሱን ነበር የተጸየፈው። ጥርሱን በቀን አምስት ጊዜ ይፍቃል። እንደታሰረ የሚያውቀው እስከዚያ ቀን በብረቱ በር ነበር፤ አሁን ግን እስር ቤቱ የገዛ ገላው ሆነበት፤ ከእሱ ደግሞ የሚያወጣ አውሮፕላን የለም።

በአምስተኛው ቀን ረመዳን ገባ። ጀምበር ስትጠልቅ በውሃና በግማሽ ሙዝ ያፈጥራል። ሰዕዲያ ስትደውል "ደህና ነኝ፣ እየበላሁ ነው" ይላታል፤ ምስሉ እንዳይታይ ደግሞ "ኔትወርኩ ደካማ ነው" ብሎ ካሜራውን ያጠፋል። በረመዳን ስምንተኛው ቀን ሲሰግድ ከሱጁድ ሲነሣ ዓይኑ ጨለመበትና ወደቀ፤ ግንባሩ የአልጋው ጠርዝ ላይ ተፈነከተ።

ደባልቄ ደሙን በነጠላው ጠረገለት። ከዚያ ተቆጣ። ደባልቄ ሲቆጣ የወሎው ዘዬ ይብስበታል።

"ስማኝ ጃል! ሚስትህ ስትወልድ ሬሳህን ልላክላት ነው? ኸእንግዲህ አንተ አትጠይቅም፣ እኔ ነኝ የምጠይቅልህ።"

"ምን ልትጠይቅ?"

"ሙስሊም የሌለበት አገር የታለ?"

እውነቱን ነበር። ወንዙ ዳር፣ ጀልባ ላይና በእንጨት እግር በቆሙ ቤቶች ውስጥ ቻም የሚባሉ ሙስሊሞች ይኖራሉ፤ ዓሣ አጥማጆች ናቸው። ግን በዚያ ሰሞን ከጎረቤት አገር የሃይማኖት ስብሰባ በተመለሱ ጥቂት ቻሞች ላይ በሽታው ተገኝቶ፣ ሕዝቡ ሁሉንም ይሸሻቸው ነበር። ገበያ ላይ ዓሣቸውን የሚገዛ አልነበረም። ደባልቄ በሩን ክፈቺልኝ ሲላት ሚንግ ሶፒየፕ እጇን ዘርግታ ቆመች። በሽታ ታመጣብኛለህ፣ ሹሙ ይቀጣኛል አለች። ደባልቄ ወደ ክፍሉ ገብቶ፣ ኻሚስን አቅፎ አውጥቶ፣ የተፈነከተውን ግንባር አሳያት። ሴትየዋ ቁስሉን ጠጋ ብላ አየችው። ከዚያ ቁልፉን ከአንገቷ አወለቀች።

ደባልቄ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ ከአንዲት የቻም ሴት ጋር ተመለሰ። ሮፊያ ትባላለች፤ ራሷን በሻሽ የሸፈነች፣ ፊቷ በፀሐይ የጠቆረ፣ ሃምሳን ያለፈች ሴት። ወደ ግቢው አልገባችም። ከብረቱ በር ውጪ ቆማ፣ በፍርግርጉ ውስጥ ኻሚስን አየችና፣ "አሰላሙ ዐለይኩም" አለችው።

ኻሚስ ሁለት ወር ሙሉ ፊት ለፊት ከሰው አፍ ያልሰማት ሰላምታ ናት። "ወዐለይኩሙ ሰላም" ለማለት ሞክሮ ግማሹ ላይ እንባው መጣ።

የጋራ ቋንቋ አልነበራቸውም። እሱ ከኩርሙክ ነጋዴዎች የለቀመው ዐረብኛ አለው፤ እሷ በልጅነቷ ቁርኣን ስትቀራ የቀሩላት ቃላት አሉ። ሴትየዋ በጣቷ ጠቆመችውና "ገሪብ?" አለችው። እንግዳ፣ ባይተዋር ነህ ማለቷ ነው።

"አይዋ። ገሪብ" አለ።

እሷም ጣቷን ወደ ራሷ ደረት መለሰች። "አነ ገሪብ" አለች፤ አያት ቅድመ አያቷ በተቀበሩበት መሬት ላይ ቆማ።

በበሩ ሥር ካለ በርጩማ ላይ ዕቃ አኑራ ሄደች። የተጠበሰ የወንዝ ዓሣ፣ ነጭ ሩዝ፣ የጥሬ ማንጎ ቁርጥራጭ። ፀሐይ እስክትጠልቅ ጠበቁ። ከዚያ ኻሚስ በላ፤ መጀመሪያ በጣቱ ጫፍ፣ ቀጥሎ በሙሉ እጁ። ደባልቄ ዳር ሆኖ ሲያየው ቆየና ተጠጋ።

"አንተም?" አለ ኻሚስ።

"ዓሣ ቢላዋ አይጠይቅ፣ ባራኪ አይጠይቅ" አለ ደባልቄ። አሶሳ አንድ ከተማ ውስጥ ዐሥር ዓመት ተዋውቀው ከአንድ ሳህን በልተው የማያውቁ ሁለት ሰዎች፣ ያን ዓሣ አጥንቱ እስኪቀር በሉት።

ሹሙ ደርሶበት አንድ ሳምንት ሮፊያ እንዳትመጣ ከለከለ። ያን ሳምንት ደባልቄ ሮፊያ ተደብቃ የምታመጣውን የምግብ ቅርጫት በጓሮ አጥር ላይ ሲቀበል፣ ሚንግ ሶፒየፕ ማዕድ ቤቷ በር ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ትቆማለች፤ እንዳላየች ለመሆን። ለዒድ ሮፊያ በኮኮናትና በለውዝ የተሠራ የበሬ ሥጋ ወጥ አመጣች። ኻሚስ በፍርግርጉ በኩል እየጠቆመ ሁሉንም ጠየቃት። ይህ ምንድን ነው? ይህስ? ማን አረደው? ሴትየዋ አልተቆጣችም፤ የልጅ ጥያቄ እንደምትመልስ አንድ በአንድ መለሰችለት። ወጡ ግሩም ነበር። ኻሚስ ግን ጠግቦም ያ የዱሮው ደስታ አልመጣለትም። ሮፊያ ስለ ሾርባው አታውቅም። "ሷሊሕ ሰው" ትለዋለች፤ ደግ ሰው ማለቷ ነው፤ ይህች ቃል ከረሃቡ ይበልጥ ታመዋለች።

ሰኔ 10 ጠዋት አባቱ ማህጁብ ደወለ። ኻሚስ ስልኩን ይዞ ወደ ደባልቄ ሮጠ። የበርታ ሰው በአማርኛ ሴትና ወንድ መለየት ያስቸግረዋል፤ ሲደነግጥ ደግሞ ጨርሶ ይጠፋበታል።

"ሰዕዲያ ሴት ልጅ ወለደ! ደህና ነው! ስሙ ዓፊያ ነው!"

ደባልቄ አቀፈው። ሚንግ ሶፒየፕም የሆነውን ሰምታ እየጨፈረች ወጣች። የሕፃኗ ፎቶ ማታ ይላካል ተባለ፤ ማታ ኔትወርክ አልነበረም፤ በነጋታው የመጣችው ፎቶ ደብዛዛ ናት፤ ከጨርቁ ውስጥ አንድ ጆሮ ብቻ ይታያል። ሌላ ሳይላክለት የሰኔ መጨረሻ ደረሰና በአገር ቤት ኢንተርኔት ተቋረጠ። ሦስት ሳምንት። ኻሚስ ያን ሁሉ ቀን ያችን ጆሮ እያየ ሰነበተ።

ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ሰኞ እንደ ልማዱ ስልኩ ጮኸ። ድርጅቱ የአውሮፕላን ቦታ አግኝቷል። ሲወጡ ሚንግ ሶፒየፕ እስከ መንገድ ሸኘቻቸው፤ ሮፊያ ከወንዙ ማዶ ስለነበረች ሊሰናበቷት አልቻሉም። አዲስ አበባ ደግሞ ሌላ በር፣ ሌላ ሁለት አልጋ ጠበቃቸው፤ ለይቶ ማቆያ ነው። ኻሚስ እዚያም እርምጃውን ሲለካ ደባልቄ "ተው በቃ" አለው።

አሶሳ ሲደርስ ክረምቱ ጠንክሯል፤ መንገዱ ሁሉ ቀይ ጭቃ ነው። ልጅቷን ሲያቅፋት አለቀሰች፤ ወደ እናቷ ዞረች። ሰዕዲያ ስቃ፣ "አታውቅህም፤ ትለምዳለች" አለችው። የክረምቱ የመጨረሻ የቀርከሃ ቡቃያ ነበርና ቀቅላ፣ በባሚያ አድርጋ፣ ከገንፎ ጋር አቀረበችለት። ሰፈሩ ሁሉ ተሰብስቦ ስለ ሸረሪቱ ሊሰማ ይጠብቃል። ኻሚስ አንድ ጎረሰ፤ ሁለተኛውን ግን አላነሣም። እንግዶቹ ደክሞት ነው ብለው ተበተኑ።

በሳምንቱ ሰዕዲያ ፊቱ ተቀመጠች። "ከመጣህ ጀምሮ እንደ በሽተኛ ትቆነጥራለህ። ምን ሆነህ ነው?"

ነገራት። ክዳኑን እንደከፈተ፣ አጥንቱን እንዳየ፣ ክዳኑን ድምፅ ሳያሰማ እንደመለሰ። "ጠርጥሬ ነበር። ዘጠኝ ቀን በላሁ። ያልጠየቅሁት መልሱን ስለፈራሁ ነው። ሾርባው እንዳይቀርብኝ።"

ሰዕዲያ የምታጠባትን ልጅ ወደ ሌላኛው ጡቷ አዞረች። ከዚያ የተናገረችው እሱ የጠበቀውን አልነበረም።

"የሾርባውን ለሼኹ ንገራቸው። እኔን የቆረጠኝ ሌላ ነው። እየበላሁ ነው፣ ደህና ነኝ ስትለኝ፣ ወድቀህ ተፈንክተህ ነበር። የሰገነት ባል ለሚስቱ ነግሯት፣ ከእሷ ነው የሰማሁት። እኔ በምጥ ላይ ሆኜ አንተ ደህና ነህ ብዬ ነበር የተጽናናሁት።"

ኻሚስ ግንባሩ ላይ ያለውን ጠባሳ በእጁ ሸፈነ። እሷም እጁን አውርዳ አየችው፤ በጣቷ ዳበሰችው፤ ከዚያ ተነሥታ ወጣች። ያን ቀን አላናገረችውም፤ በማግሥቱም ብዙ አላናገረችውም።

ዓርብ ከጁሙዓ በኋላ ወደ ሼኹ ሄደ። ሽማግሌው እስከ መጨረሻው ሰሙት።

"ካወቅህ በኋላ በላህ?"

"በእርግጠኝነት ካወቅሁ በኋላ አልበላሁም።"

"ከጠረጠርህ በኋላ ግን በላህ።"

"በላሁ።"

"እንግዲያው በርሃብ ሳይሆን በመውደድ ነው የበላኸው። ይህን ለእኔ አትቀባባው፤ ለጌታህም ሳትቀባባ ንገረው። ቶብት አድርግ፤ ተጸጽተህ ተመለስ። ከዚያ ደግሞ ብላ፤ ሚስትህ የሰጠችህን ትተህ ራስህን የምትቀጣው፣ ማን ፍረድ ብሎህ ነው?"

ኻሚስ ከመስጊዱ ወጥቶ ወዲያው አልቀለለውም። መብላት የጀመረው ቀስ በቀስ ነው፤ ከሰዕዲያ ጋር የታረቀውም እንዲሁ ቀስ በቀስ። አንድ ቀን ከዳቡስ ወንዝ የመጣ ዓሣ ገዝቶ፣ በሙዝ ቅጠል ጠቅልሎ፣ ኮኮናት ስለሌለ በለውዝ አሽቶ በእንፋሎት አበሰለላት። ሰዕዲያ ቀመሰችና "ጨው ያንሰዋል" አለች። ከዚያ ግን ጨረሰችው። ደባልቄ ሲሰማ ሰገነትን ይዞ መጣ፤ እሱ እንኳ ከሰው ቤት መብላት ጀምሯል፤ ሚስቱ ይህን እንደ ተአምር ለሰው ታወራለች።

ኻሚስ ለደባልቄ ስለ ድስቱ ክዳን ነግሮት አያውቅም። ደባልቄም አልጠየቀውም። ኻሚስ ግን ያ ሰው ከፋሲካው ቀን ጀምሮ እንደሚያውቅ እርግጠኛ ነው።

አሁን ዓፊያ ትምህርት ቤት ገብታለች። ኻሚስ አንዳንድ ጊዜ በሽታው ዳግም ተነሥቶ በሩ የተቆለፈበት ይመስል ያፍነዋል፤ ያን ጊዜ ሥራውን ጥሎ እስከ ገበያው ጫፍ ደርሶ ይመለሳል። የቀርከሃ መሥሪያውን በር ከማጠፊያው ነቅሎ ጓሮ አቁሞታል። ከመንገዱ የሚነሣው አቧራ በቫርኒሹ ላይ እየተጣበቀ ደንበኞች ያማርራሉ፤ ሰዕዲያም ክረምት ከመግባቱ በፊት በሩን ግጠመው ስትለው ሁለት ዓመት ሆነ። ባለፈው ሳምንት ማጠፊያ ገዝቶ መጣ። እስካሁን ግን አልገጠመውም።